የኢንጂነር ሙሀሲን ሚስኮል

በየከተማው አንድ አለ። ሁለት ነገር ተለያይቶ ሲቀመጥ ማየት የማይችል ሰው ማለቴ ነው። ማቀዝቀዣው ለብቻው፣ ስልኩ ለብቻው በሰላም ሲኖሩ ያመዋል። "ለምን አይነጋገሩም?" ይላችኋል። "ምን የሚያነጋግራቸው ጉዳይ አለ?" ብላችሁ ሳትጨርሱ ከደረት ኪሱ ገመድ መዟል።

የሸዋ ሮቢቱ የዚህ ወገን ተወካይ ክቡር ኢንጂነር ሙሀሲን ናቸው። ኢንጂነርነቱን የሰጠናቸው እኛ የመናኸሪያ ሰፈር ሰዎች ነን፤ ማንንም ዩኒቨርሲቲ አላስቸገርንም። እንጀራቸው የባጃጅ መለዋወጫ መሸጥ ነው። ሱቃቸው ከኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። በዕድሜ እኩያዬ ናቸው፤ ፊት ለፊት ስንገናኝ አንተ እንባባላለን። እዚህ ግን አንቱ ብያቸዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው በአንተ ከተጻፈ ያንስብኛል።

የነገሩ ሁሉ መነሻ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ሰሌዳ ናት። አርዱይኖ ይሏታል፤ እኛ ቦርዷ እንላታለን። የራሷ ትንሽ አእምሮ አላት፤ ሙቀት ለኪ ካሏት ትለካለች፣ መብራት አጥፊ ካሏት ታጠፋለች። ትዕዛዙ የሚጻፍላት ግን ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ከዚያ በገመድ ይጫንላታል። ኢንጂነር ሙሀሲን ኮምፒውተር የላቸውም። እኔ አለኝ። የጉርብትናችን ታሪክ ባጭሩ ይኸው ነው።

"ብሩኬ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ!" ብለው ይገባሉ። የሳቸው አንድ ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ ቦርዷን ያመጡበትን ቀን ልንገራችሁ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት አብረውኝ ገቡ። ቦርዷን በገመድ ከኮምፒውተሬ ጋር ሰኩ፤ ኮምፒውተሬ አላያትም። "ኮምፒውተርህ ሰው አያውቅም" አሉኝ። ፕሮግራሙን ጫኑ፣ አጠፉ፣ ደግመው ጫኑ። መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣው ሰው በሬ ላይ ተሰልፎ ላቡን ይጠርጋል። ምሳ በልቼ ስመለስ "ቫይረስ አለበት" ብለው የኮምፒውተሬን ሆድ ሊከፍቱ መፍቻ ይዘው ጠበቁኝ። ወደ ማታ ሲሆን ነው ችግሩ የተገኘው፤ ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ርካሽ ገመድ ነበር። ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ወሬ አያሳልፍም። ገመዱን ያመጡት ደግሞ ከራሳቸው ሱቅ ነው።

ትክክለኛው ገመድ ሲሰካ ቦርዷ ላይ አንዲት መብራት ብልጭ አለች፤ ኮምፒውተሬ ላይም የክፍሉ ሙቀት በቁጥር ወጣ። ክቡርነታቸው ከወንበሬ ተነስተው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው "ተገናኝቷል!" ብለው ጮኹ። መናኸሪያ ያለው ረዳት ሁሉ ዞሮ አየን። ቁጥሩ ሠላሳ ስምንት ይላል።

"ሙሀሲን፣ ሮቢት እንደሚሞቅ ለማወቅ ላባችን አይበቃንም?" አልኳቸው።

"ላብህን ደብረ ሲና ተቀምጠህ ልታየው ትችላለህ?" አሉኝ።

ደብረ ሲና ተቀምጦ የሮቢትን ላብ ማየት የሚፈልግ ማን እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም፤ ቤታቸው ሮጡ።

ቤታቸው ውስጥ የሆነውን ከባለቤታቸው ከሂዳያ ነው የሰማሁት። ኢንጂነሩ ቦርዷን ከማቀዝቀዣው በር ጋር፣ ቦርዷን ደግሞ ከስልካቸው ጋር አገናኙ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ስልካቸው ይጮሃል። እሳቸው ሱቅ ተቀምጠው ይደውላሉ፤ "ሂዳያ፣ ማቀዝቀዣው ተከፍቷል!" እሷም "ቲማቲም ላወጣ ነው የከፈትኩት፤ ሌባ አልገባም!" ትላለች። ሁለት ሳምንት ታገሠች። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ስልኩ ሲጮህ ከእጃቸው ነጥቃ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀመጠችውና በሩን ዘጋችው። "እንግዲህ እዚያው ተነጋገሩ" አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ይተው ነበር። ክቡር ኢንጂነር ግን ጣራቸው ላይ ወዳለው የውሃ ሮቶ ተሻገሩ። ሮቶው ሲሞላ ስልካቸው በራሳቸው ድምፅ "ሞልቷል!" እንዲል አደረጉት። በዚያው ሰሞን ደብረ ሲና ለቅሶ ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ ጭር ባለበት፣ አንድ ሽማግሌ የሟችን ደግነት መናገር ሲጀምሩ፣ ከኢንጂነሩ ኪስ "ሞልቷል! ሞልቷል!" የሚል ድምፅ ወጣ። ስልኩን ለማፈን ጋቢያቸውን ደረቡበት፤ ከጋቢው ሥርም "ሞልቷል" ማለቱን ቀጠለ። ሮቢት ላይ ቧንቧውን የሚዘጋ ሰው ስላልነበረ ውሃው ጎረቤት ግቢ ድረስ ፈሰሰ። ስንመለስ ጎረቤቱ የረጠበ ፍራሹን አጥር ላይ አስጥቶ ጠበቃቸው። እሳቸው ግን መኪና ውስጥ በደስታ ሲፍነከነኩ ነበር የመጡት። "ከደጋ እስከ ቆላ ተገናኝቷል" ይላሉ።

እስከዚህ ድረስ ሳቅንባቸው። እኔ ከሁሉም አብልጬ ሳቅሁ፤ ወንበሬ የተያዘብኝ እኔ ነኝና መብቴ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ወንዙ ልውሰዳችሁ። ሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የምናለማ ሰዎች አንድ ማህበር አለን። እኔም ከአባቴ የወረስኳት ቁራሽ መሬት ስላለችኝ አባል ነኝ። ውሃ የምንስበው በአንድ የጋራ ሞተር ነው። የውሃ ተራ የሚሰጡን ጋሼ አብዱልመጂድ ናቸው፤ የውሃ አባታችን ስለሆኑ እሳቸው "ተራው የእገሌ ነው" ካሉ አለቀ፤ ማንም አካፋውን አያነሳም።

የቆላ ወንዝ ግን ተንኮለኛ ነው። በበልግ እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ አናት ይበሳል፤ ዝናቡ የሚጥለው ላይ ደብረ ሲና ነው። ጠብታ ሳናይ ደራሽ ጎርፍ ይመጣብናል። ሞተሩ ደግሞ ከውሃው ከራቀ አይስብም፤ ስለዚህ ወንዙ አፍ ላይ መቀመጥ አለበት። አምና አንዱን ወሰደብን። ቢጫ ቀለሙ ከደፈረሰው ውሃ ብቅ ጥልቅ እያለ ሲሄድ ቆመን ሸኘነው። የዘንድሮውን የገዛነው ያለንን አሟጠን ነው። እትዬ ከዲጃ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማሳውን ብቻቸውን የያዙት፣ ድርሻቸውን ለማዋጣት የሚያልቧትን ላም ሸጠዋል። ይህኛው ሞተር ከሄደ ሽንኩርቱ ራስ ሳይቋጥር ይደርቃል፤ ሌላም ሞተር የለም። የሁላችንም ነገር በዚያ ሞተር ላይ ነበር።

ኢንጂነር ሙሀሲን መሬት የላቸውም፤ አንዲት ስንዝር። ግን አምና ሞተሩ ሲሄድ ዳር ቆመው አይተዋል። የማህበሩ ስብሰባ ላይ ሳይጠሩ መጡና ተነሥተው "ወንዙን ከስልካችሁ ጋር አገናኘዋለሁ" አሉ። አንዳንዱ ሳል መጣበት። ጋሼ አብዱልመጂድ ብቻ አልሳቁም፤ "ይሞክር፤ ከሚወስድብን ወንዝ የባሰ ምን ያመጣል?" አሉ።

የሂዳያ ወንድም ያሕያ ከደብረ ሲና ተራራ ሥር ወንዙ ዳር ማንጎ አለው። ውሃው እሱ ጋ ካለፈ በኋላ እኛ ጋ እስኪደርስ ሰው ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጥርሱን ፍቆ ይጨርሳል። ኢንጂነሩ እዚያ ቦርዷን በሳጥን ውስጥ አደረጉ፤ የፀሐይ ኃይል ሰጧት፤ ሲም ካርድ አስገቡላት። ወንዙ ሲሞላ ውሃው ሁለት ሽቦ ይነካል፤ ያኔ ሳጥኗ ትነቃለች። ኮምፒውተሬ ላይ የአባላቱና የኢንጂነሩ ስም ይወጣል፤ በሳቸው ስልክ አፕ ላይም እንደዚያው። ብዙዎቹ አባላት የያዙት ግን ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ለነሱ ሳጥኗ ተራ በተራ ሚስኮል እንድታደርግ ተወሰነ። ሚስኮል ከሳጥኗ ከመጣ ውሃ ማለት ነው። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም።

የሙከራው ቀን ያሕያ ሽቦው ላይ አንድ ጆግ ውሃ ደፋ። ሳጥኗ ጋሼ አብዱልመጂድ ጋ ደወለች፤ ዘጋች። እሳቸውስ? እንደማንኛውም የአገሬ ጨዋ ሰው መልሰው ደወሉላት። ዘጋችባቸው። ደግመው ደወሉ። ሳጥኗ ያላት መስመር አንድ ነው፤ እሳቸው ሲይዙባት ሌላው ጋ መደወል አቃታት። እንደምንም የደወለችለት ሁለተኛ ሰውም መልሶ ደወለ። በዚህ ግርግር እትዬ ከዲጃ ጋ ሳይደርስ ነገሩ ተበላሸ።

ጋሼ አብዱልመጂድ ተቆጥተው ሱቄ መጡ። "ወላሂ እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም! ራሱ ደውሎ፣ ስደውልለት ጆሮዬ ላይ ይዘጋል። የማን ልጅ ነው?"

"ጋሼ፣ ሰው አይደለም፤ ሳጥን ናት" አሉ ሙሀሲን።

"ሳጥንስ ብትሆን? የደወለችው እሷ አይደለች?"

ኢንጂነሩ ሁሉንም ሰብስበው ለመኑ። "በአላህ፣ መልሳችሁ አትደውሉ!" ሁሉም ቃል ገባ። ሁለተኛው ሙከራ ተደረገ። ሁሉም ደወለ። እትዬ ከዲጃ "ድንገት ሌላ ጉዳይ ኖሯት ቢሆንስ ብዬ ነው" አሉ። እኔ ራሴ፣ ሳጥኗን በእጄ ይዤ ያየሁ ሰው፣ ስልኬ ጠርቶ ሲቋረጥ ጣቴ መልሶ መደወያው ላይ ነበር። እዚህ አገር የሰው ሚስኮል ዝም ብሎ ማደር ነውር ነው፤ ይህን ከእናታችን ጡት ጋር ነው የወሰድነው።

ክቡርነታቸው ወንበሬን ሦስት ቀን ያዙ። በሦስተኛው ቀን "ብሩኬ፣ ሰዉን ማስተካከል አልቻልኩም፤ ሳጥኗን ግን እችላለሁ" አሉኝ። አዲሱ አሠራር እንዲህ ነው። ሳጥኗ አንዱን ሰው በሚስኮል ትጠራና ትጠብቃለች። መልሶ ሲደውል ታነሳለች። በኢንጂነሩ ድምፅ "ወዓለይኩሙ ሰላም። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ውሃ እየመጣ ነው፤ ሞተሩን አውጡ" ትልና ትዘጋለች። የደወለው ሰው ስም ኮምፒውተሬ ላይ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሰምቷል ማለት ነው። ያልደወለው ቀይ እንደሆነ ይቆያል፤ ሳጥኗም ዞራ ዞራ ትጠራዋለች። ሰላምታው የገባው በጋሼ አብዱልመጂድ ትዕዛዝ ነው። ሲሞከር መልሰው ደወሉ፤ ቤተሰቧን ሊጠይቋት ሲሉ ዘጋችባቸው። "ወሬ አታበዛም፤ ግን ሰላምታ ታውቃለች" ብለው አጸደቁላት።

ትሕትናችን ያበላሸውን ነገር እዚያው ትሕትናችን ላይ ሠሩት። ያን ቀን መሳቄን ቀነስኩ፤ አልተውኩም ግን።

ከዚያ አንድ አርብ ቀትር ላይ፣ ሰማዩ ነጭ እስኪሆን ጠርቶ፣ አንዲት ተማሪ ወረቀት ልታሳትም ፊቴ ቆማ፣ ኮምፒውተሬ እንደ አምቡላንስ ጮኸ። ማያው ላይ ስሞቹ ወጡ፤ ሁሉም ቀይ። ስልኬ ጠርቶ ተቋረጠ። ደወልኩ፤ "ወዓለይኩሙ ሰላም" አለችኝ። ስሜ አረንጓዴ ሆነ። ቀጥሎ የእትዬ ከዲጃ ስም አረንጓዴ ሆነ። ሌላው ሁሉ ቀይ። ጋሼ አብዱልመጂድ ቀይ፤ ለሳጥኗ ሰላም ለማለት እንደዚያ የሚቸኩሉት ሰውዬ። የራሳቸው የኢንጂነር ሙሀሲንም ስም ቀይ ነበር። እሳቸውን ያልተገናኙ ሆነው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

የገባኝ ሳጥኗ ሁለተኛ ዙር ስትጀምር ነው። የጁምዓ ሰላት ሰዓት ነበር። ሁሉም ስልካቸውን አጥፍተው መስጊድ ናቸው። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ሱቄ ቁጭ ብያለሁ፤ እትዬ ከዲጃ ማሳቸው ላይ ናቸው። ከከተማው ወዲያ ጫፍ ወዳለው መስጊድ ሄጄ ኢማሙ ኹጥባ ሲያሰሙ "ሞተር!" ልበል? እስከዚያስ ወንዙ ይጠብቀኛል? ልጅቷን "አደራ፣ ሱቁን ያዢልኝ" ብዬ ወደ ባጃጅ ተራ ሮጥኩ።

"የሙሀሲን ሳጥን ደወለች!" ብዬ ጮኽኩ።

ቢኒያም የሚባለው የባጃጅ ተራ አስከባሪ በሙሀሲን ሲቀልድ የሚውል ሰው ነው። ከዚያ ሁሉ ባጃጅ ግን የሙሀሲን መለዋወጫ የሌለበት አንድም የለም፤ ብሎን በዱቤ ያልወሰደ ሾፌርም የለም። ቢኒያም ፊሽካውን ነፋ። "የሙሀሲን ከሆነማ ውጡ!" አለ። ሦስት ባጃጅ ሙሉ ሰው ተጭኖ ወደ ወንዙ ተፈተለከ።

ስንደርስ ወንዙ ዝም ብሎ ይፈሳል። አንዱ ሾፌር "የታለ ውሃው?" አለኝ። እትዬ ከዲጃ ቱቦውን ፈትተው፣ ሞተሩን በገመድ አስረው፣ እግራቸውን አሸዋ ውስጥ ተክለው ብቻቸውን ይጎትቱ ነበር። "ብሩክ፣ ወሬው በኋላ! ና ያዝ!" አሉኝ። ያዝን። ሞተሩ አሸዋው ውስጥ ሰመጠ። ቢኒያም አንዱን ባጃጅ ወደ ኋላ አስጠግቶ ገመዱን አሰረበት፤ እሱ ሲስብ እኛ ከሥር ስንገፋ፣ ጎማው ሲሽከረከር አሸዋውን ፊታችን ላይ ሲረጭ፣ ዳገቱን ወጣን። ግራሩ ሥር አድርሰን ትንፋሽ ሳንሰበስብ ድምፁ መጣ። ከዚያ ውሃው ራሱ፤ ቡናማ፣ ግንድ ያዘለ፣ ሞተሩ የነበረበትን ቦታ በአንድ ጉርሻ ዋጠው። ሾፌሮቹ "እሰይ!" ብለው ጮኹ። እትዬ ከዲጃ ሞተሩ ላይ ቁጭ ብለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሰላቱ አልቆ ስልኮች ሲከፈቱ ሚስኮሉ እንደ ዝናብ ወረደ። ጋሼ አብዱልመጂድ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ፣ ሳጥኗን እየሰሙ ነበር የመጡት። ኢንጂነር ሙሀሲን ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ከሁሉ ፊት ይሮጣሉ። ጎርፉን አዩ። ግራሩ ሥር ሞተሩን አዩ። መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ። ብዙ አልቆየም፤ ዘለው ተነሥተው ግንባራቸውን መቱ። "የጁምዓን ሰዓት አላስገባሁላትም! ሙስሊም ሆኜ!" በሳቅ ሞትን፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ።

ወንዙ ሲጎድል ሞተሩን መልሰን ተከልን። አባላት ሁሉ አካፋችንን ይዘን ቆመናል። ሽንኩርቱ ተጠምቷል፤ የመጀመሪያውን ተራ ማን እንደሚያገኝ ሁሉም በሐሳቡ ይገምታል። ጋሼ አብዱልመጂድ ዱዓ አደረጉና "የመጀመሪያው ተራ የሙሀሲን ነው" አሉ።

"ጋሼ፣ ሙሀሲን እኮ መሬት የለውም" አለ አንዱ።

"እሱን መች ጠየቅኩህ? ተራው የሱ ነው።"

ሞተሩ ተነሥቷል፤ ውሃው ቦዩን ይዞ ይመጣል፤ የሚገባበት ማሳ ግን የለም። ኢንጂነሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። እኔ አካፋዬን አነሣሁና የማሳዬን አፍ ከፈትኩ። "ከዚህ ጥግ ያለችው መደብ ከዛሬ ጀምሮ የሱ ናት፤ እዚህ ይግባ" አልኩ። እትዬ ከዲጃ ተከትለው "ከኔም አንድ መደብ" አሉ። ጋሼ አብዱልመጂድ "ከኔም" አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ምን እንዳለ አልተሰማም፤ አካፋው ሁሉ አንድ ጊዜ ተነሣ።

ስለዚህ ክቡር ኢንጂነር ሙሀሲን ዛሬ ሮቢ ዳር መሬት አላቸው፤ በእያንዳንዳችን ማሳ ውስጥ አንድ አንድ መደብ። ተራቸው ሲደርስ ውሃው የሁላችንንም ቦይ ማለፍ ግድ ይለዋል፤ የሳቸው ሲጠጣ የኛም ጠርዝ ይረጥባል። በየመደቡ ቦርድ መትከላቸውን መናገር አያስፈልግም። የሳቸው ሽንኩርት በሥራ ሰዓት "ጠማኝ" እያለ ስልኬ ላይ ይጽፍልኛል፤ እኔም ስማቸውን እያነሣሁ አማርራለሁ። ማሳ ስወርድ ግን የሳቸውን መደብ ከኔው አስቀድሜ አርማለሁ፤ እወዳቸዋለሁና።